አሥራ ሁለት ጀርባዎች

መስከረም 14

ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤ በ"ደህና ነኝ" ይጀመራል ብለህ ስላስተማርከኝ ጻፍኩት እንጂ ደህናስ አይደለሁም። የመሥሪያ ቤቱ የፖስታ ከረጢት ሐሙስ ሐሙስ ወደ እናንተ አየር ሜዳ እንደሚሄድ እያወቅኩ ሦስት ሐሙስ አሳለፍኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በለኝ።

የጠየቅከኝን በየተራ ልመልስ። አዎ፣ እበላለሁ። የለም፣ አልከሳሁም። አለቃዬም አልተለወጠም፤ ገና በሩን ሳይከፍት "ቶሎ! ቶሎ!" ይላል፣ ቢሮው በሙሉ አቶ ቶሎ ይለዋል። "ደግሞ ማን አናደደሽ?" ላልከው ግን መልሱ ስለሚረዝም ቁጭ ብለህ አንብበው።

አንድ ዓመት ተኩል የደከምነው ድሮኗን ራዳር እንዳያያት ነበር። ሆዷን አሾልን፣ ክንፏን ከሆዷ ጋር አዋሐድን፣ የራዳር ሞገድ የሚውጥ ልባስ ቀባናት። ልባሱ በፀሐይ ሲያብጥብን ፋቅነው፣ እንደገና ቀባናት። ያ ሁሉ ተሳካ። ካሜራዋም ከሰማይ ሆኖ የጫማ ማሰሪያ ይለያል። የቀረን ድምጿ ብቻ ነው። ራዳር የማያያትን አውሮፕላን መንገደኛ ሁሉ ቀና ብሎ "ያቻትና!" ካለ ምን ሠራን? አሥራ አንድ ጊዜ ፕሮፔለሯን ቀየርኩ። አሥራ አንድ ጊዜ እናንተ ጋ ተሞከረች። አሥራ አንድ ጊዜ "እጅ ተነሥቷል" የሚል ወረቀት ተመለሰልኝ። ሥራዬ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆኗል፤ ቆሽቴ አርሯል።

ሜዳው ላይ ያቆምነው ማይክሮፎንም ከእናንተ ጆሮ ጋር ይስማማል፤ እሱም "ትሰማለች" ይላል። እኔ እዚህ አራት ግድግዳ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስለማላየው ነገር ከምናደድ፣ ፈተናው እንዴት እንደሚካሄድ አንተ ንገረኝ። ማን ይቆማል? እንዴት ይቆማል? የሚመጣልኝ ወረቀት ሁለት ቃል ብቻ ነው።

ደግሞስ ለምን አትደውልልኝም? ከአሥር ደብዳቤ አንዲት የአምስት ደቂቃ ስልክ ትሻለኝ ነበር።

እህትህ


መስከረም 30

ለድምቢጥ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ለክፉ አልሰጥም። ወገቤ እንደ አየሩ ነው፤ ሲከፋው ይከፋዋል። የላክሽው ሹራብ ደርሶኛል፣ እጁ ትንሽ ይረዝማል፣ ግድ የለም። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንቺ ስትናደጂ ጽሕፈትሽ ያምራል፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ ነው።

ስለ ሙሽራዋ ልንገርሽ። ድሮናችሁን እኛ እዚህ ሙሽራ ነው የምንላት። ነጭ ጨርቅ ተከናንባ ለአራት ተሸክመናት ትወጣለች፤ ልባሷ እንዳይበላሽ በባዶ እጅ መንካት ክልክል ነው፤ ትንሽ ነፋስ ከነፈሰ ደግሞ "ዛሬ አትወጣም" ይባላል። የዛሬ ሳምንት ሞተሯ አየር ላይ ጠፍቶ ከሜዳው ውጪ ቁጥቋጦ ውስጥ ወረደች። ስምንት ሰው ሆነን ግማሽ ቀን ፈለግናት። ሁለት ጊዜ አጠገቧ አልፈናል! እንዳትታይ አድርጋችሁ ሠርታችኋት እኛም አላየናት። በመጨረሻ አንዱ ጓዳችን ረግጧት አገኛት። እሱ ራሱ በጣም አዘነ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት እንግዲህ ይኼ ነው።

ፈተናውን እኛ የጀርባ ፈተና እንለዋለን። አሥራ ሁለት ሰው ሜዳው ላይ በአንድ ረድፍ እንቆማለን። አሥራ አንዳችን የሞተርና የጄኔሬተር ሠራተኞች ነን፤ አሥራ ሁለተኛው መጋዘን የምንለው የዕቃ ቤቱ ሹም ሲሆን ሁልጊዜ ጫፍ ላይ ይቆማል። ጧት ፀሐይን በጀርባችን አድርገን ዓይናችንን እንጨፍናለን። ሙሽራዋ ከኋላችን በሁለት መቶ ሜትር ከፍታ ትመጣለች። የሰማ እጁን ያነሣል። እስክታልፍ እጅ ካልተነሣ አለፈች። አዛዡ "መሣሪያ ቁጥር ይሰጣል፤ ጠላት ያለው ግን ጆሮ ነው" ስለሚል ፍርዱ የሚሰጠው በእኛ ነው።

ስለ ስልኩ ነግሬሻለሁ። እዚህ ለምስጢር ሲባል ክልክል ነው። ሁለተኛ አትጠይቂኝ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 17

ወንድም ጋሼ፣

ስለ ስልኩ ስለተቆጣኸኝ አኩርፌ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። ሹራቡን እጅጌውን እጠፈው።

በዚህ ከረጢት አሥራ ሁለተኛው ፕሮፔለር አብሮ መጥቷል። አምስት ምላስ አለው፣ ጫፎቹ ወደ ኋላ ታጥፈዋል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ በሒሳብ ሳይሆን በመለማመጥ የሠራሁት ነው። ከዚህ በኋላ ሌላ ሐሳብ የለኝም። እውነቴን ነው፤ ጭንቅላቴ ባዶ ሆኗል።

"ድምጿ ላይ ለምን እንዲህ ትሞቻለሽ፣ ትንሽ ብትሰማስ?" እንዳትለኝ፣ ያለፈው ማክሰኞ የሆነውን ልንገርህ። ድሮኗን ድንበሩ ላይ የሚያስወነጭፉት ሦስት ወታደሮች ለሥልጠና መጥተው ነበር። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ናቸው። አቶ ቶሎ ስለ ካሜራው፣ ስለ ባትሪው፣ ስለ ልባሱ ሁለት ሰዓት አብራራላቸው። ሲጨርስ ሴትዮዋ እጇን አወጣችና አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። "ይሰማል?" አለች።

አየህ ጋሼ፣ ማስወንጨፊያቸው ከጠላት ምሽግ ብዙም አይርቅም። ድምፅ የሰማ ጠላት ሰማዩን አይተኩስም። ድምፁ ከየት እንደተነሣ አይቶ ወደዚያ ነው የሚተኩሰው፤ እዚያ ያሉት ደግሞ እነሱ ናቸው። አቶ ቶሎ "ኧረ አይሰማም!" አላት። እኔ ግን "ካልጠፋ አልፈርምም" አልኳት። የመጨረሻው ማጽደቂያ ላይ ያለ እኔ ፊርማ አትወጣምና ቃሌን ሰጥቻታለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቷ አልለቅ ብሎኛል።

እባክህ፣ ሁላችሁም ደህና አድርጋችሁ ስሙ።

እህትህ


ኅዳር 2

ድምቢጥ! ድምቢጥ!

እልል በይ! አልፋለች!

ከሰላምታ በፊት ይኼን ልበል ብዬ ነው፤ አሁን እንዴት ነሽ? ትናንት ጧት ቆምን። ሙሽራዋ ተነሣች። ቆምን፣ ቆምን፣ ቆምን፤ አንድም እጅ አልተነሣም። ዓይናችንን ስንገልጥ ከፊታችን አልፋ ወደ መውረጃዋ እየዞረች ነው። አዛዡ ራሱ ቆቡን አውልቆ ወረወረ። ሦስት ዓመት አብረን ስንሠራ ጥርሱን አይቼ አላውቅም ነበር፤ አንዱ ወርቅ ነው። "የማን ሥራ ነው ይህ ፕሮፔለር?" ሲል "የእህቴ ነው" አልኩት። ይህን ማለት እንዴት ደስ እንዳለኝ!

እናታችን ስትሞት ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። "ይቺን ልጅ የት ታደርሳታለህ?" ይሉኝ ነበር ጎረቤቶቻችን። ዛሬ ቢኖሩ ይሄን ባሰማኋቸው።

"ሁላችሁም ስሙ" ላልሽው፣ ከመጋዘን በስተቀር ሁላችንም ነበርን። እሱ ሚስቱ ወልዳለት ፈቃድ ላይ ነው። በሱ ቦታ ሌላ የጄኔሬተር ሠራተኛ ቆመ፤ ቁጥሩ አልጎደለም።

በይ አሁን እረፊ። ፈርሚና ተኚ።

ወንድምሽ


ኅዳር 11

ወንድም ጋሼ፣

ወረቀቱ ደረሰኝ። "እጅ አልተነሣም" ይላል። አቅፌው አለቀስኩ ብልህ ትስቅብኛለህ። አቶ ቶሎ ለመጀመሪያ ጊዜ "ቀስ በዪ፣ ተቀመጪ" አለኝ።

ግን ደስታዬ አልሞላ አለኝ። ማይክሮፎኑ አልተስማማም። ፕሮፔለሩ ከአሥራ አንደኛው የተሻለው በጥቂት ነው፤ አሁንም ከሚፈቀደው በላይ ይጮኻል ይላል። እስካሁን ከእናንተ ጋር ተጣልቶ የማያውቅ መሣሪያ ዛሬ ምን ነካው? እኔ ደግሞ ከአንተ ጆሮና ከአንድ ሣጥን ብረት የቱን እንደማምን ታውቃለህ። "ማይክሮፎኑ ተበላሽቷል" ብዬ ጽፌ ወደ ጥገና ላክሁት።

የመሣሪያ ክፍሉ ሽማግሌ፣ እኛ ጋሽ ሚዛን የምንላቸው፣ ፈትሸው "ምንም አልሆነም" ብለው መለሱት። ደግሜ ላክሁባቸው። ደግመው መለሱት። ሦስተኛ ጊዜ ስልክባቸው ራሳቸው ይዘውት መጡና ጠረጴዛዬ ላይ ዱብ አድርገው "የኔ ልጅ፣ የታመመ ሰው ሳይኖር መድኃኒት አትለምኚኝ" አሉ። ተጣላን። ሽማግሌ ላይ ጮኽኩ፤ እስካሁን ያሳፍረኛል።

የምፈርመው ታኅሣሥ 20 ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። አንተ ራስህ፣ በገዛ ጆሮህ፣ ምንም አልሰማህም? ማልልኝ። ቃልህ ከመጣልኝ የጋሽ ሚዛንን ቁጥር ቀድጄ እጥለዋለሁ።

እህትህ


ኅዳር 24

ለድምቢጥ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እዚህ ነፋሱ በርትቷል። የመኝታ ክፍላችን ቆርቆሮ ሁለቱ ተገንጥለው ሄዱ፤ አንዱን አገኘነው።

ሽማግሌ ላይ በመጮኽሽ ደግ አላደረግሽም። ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂ።

ማልልኝ ላልሽው፣ በእናታችን አጥንት፣ ምንም አልሰማሁም። ቅንጣት ታህል አልሰማሁም። ይኼ እውነት ነው።

ሌላ የጻፍሽውን ሁሉ ሌላ ጊዜ እመልሳለሁ፤ አሁን ሥራ በዝቶብኛል።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 2

ወንድም ጋሼ፣

"እንዴት ሰነበትክ" አልልህም ዛሬ።

ባለፈው ሐሙስ የከረጢቱ ሾፌር ዕቃ ሊጭን መጣ። ሻይ ጋበዝኩትና "እባክህ አዛዡን ለምንልኝ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ስልክ ይፍቀዱለት" አልኩት። ግራ ገባው። "የምን ስልክ? ምግብ ቤቱ በር ላይ አለ አይደል እንዴ? እሁድ እሁድ ሰልፉ መዓት ነው። ያንቺ ወንድም ብቻ ነው የማይሰለፈው" አለኝ። ከዚያ እየሳቀ "ደግሞስ ቢሰለፍ ምን ሊሰማ? እሱማ ከኋላው ጡሩምባ ብነፋ ዞር አይልም። እነዚያ የሞተር ሰዎች ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ምሳ ሰዓት ብትገቢ ጠብ የተነሣ ነው የሚመስልሽ" አለ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ፊቴን ምን ላድርገው?

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። አገር ምድሩ፣ ሾፌር ሳይቀር የሚያውቀውን እኔ እህትህ በመጨረሻ ሰማሁ።

እሱ ከሄደ በኋላ የአሥራ ሁለቱንም ፈተና ሙሉ መዝገብ ከመዝገብ ቤት አስወጥቼ ዘርግቼ አየሁ። ማን መቼ እጁን እንዳነሣ በሰዓት ተመዝግቧል፤ አይቼው ባውቅ ኖሮ! አሥራ አንዱም ላይ መጀመሪያ የሚነሣው የመጋዘን እጅ ነው። የናንተ ከሱ ቀጥሎ፣ አንድ ሁለት ሰከንድ ዘግይቶ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሣል። አሥራ ሁለተኛው ቀን ላይ መጋዘን የለም። እጅም የለም።

በነጋታው ጋሽ ሚዛንን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሞተሩን ከነፕሮፔለሩ ግቢያችን ሰገነት ላይ አሰርነው፤ ጥበቃዎቹን፣ ጽዳቶቹንና የሒሳብ ክፍሉን ጸሐፊ ሁለት መቶ ሜትር ርቀው ጀርባቸውን ሰጥተው እንዲቆሙ ለመንናቸው። ሁሉም እጃቸውን አነሡ። አንዷ ጽዳት እንዲያውም "እንደ ወፍጮ ነው እኮ የሚያጓራው" አለች። አምስት ምላስ ያለው ፕሮፔለሬ!

ጋሼ፣ በእናታችን አጥንት ምለህልኛል። ሦስቱ ወታደሮች በዚያ መሐላ ወደ ድንበሩ ሊሄዱ ነበር። መልስልኝ፤ የሚሸሽ መልስ አልፈልግም።

እህትህ


ታኅሣሥ 9

ለእህቴ፣

የማልኩት እውነት ነው። ምንም አልሰማሁም።

ከመቼ ጀምሮ ነው ትይኝ ይሆናል። እኔ ራሴ አላውቀውም። ሃያ ሰባት ዓመት ሞተር አጠገብ ቆሜያለሁ። በኛ ጊዜ ጆሮው ውስጥ ጥጥ የከተተ ሰው ይሳቅበት ነበር፤ ባለሙያ ሞተርን የሚያክመው በጆሮው ነው ይባል ስለነበር ሁላችንም ጆሯችንን ከፍተን ቆምን። መጀመሪያ የእጅ ሰዓቴ ቆመ ብዬ ሰዓት ሠሪ ጋ ወሰድኩት፤ ሰዓቱ ደህና ነበር። ቀጥሎ ስልክ ሄደ። የሰው ድምፅ በጥጥ የተጠቀለለ ሆነብኝ። ፊትን እያየሁ ከሆነ አሁንም ብዙውን እይዛለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ቤትሽ ስመጣ ሦስት ቀን ሙሉ ስስቅ የከረምኩት የምትይው ሁሉ አስቂኝ ሆኖ አልነበረም።

የቀሩትም እንደኔው ናቸው። በየዓመቱ ምርመራ አለ፤ ነርሷ ከኋላ ቆማ ትጠይቃለች። መጋዘን ቀድሞን ይገባና ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል ይነግረናል። የጀርባ ፈተናውም ያው ነው። ጨፍኑ ይባላል እንጂ ማን ይጨፍናል? ፀሐይ ከኋላችን ስለሆነ ጥላችን ከፊታችን ይወድቃል። የመጋዘን ጥላ እጁን ሲያነሣ እኛም እናነሣለን። በሱ በኩል ችግር የለም፤ ደህና ጆሮ አለው፣ የምንናገረውም እውነት ነው ብለን ሕሊናችንን አስተኛን። ያን ቀን ግን ጫፍ ላይ የቆመው የጄኔሬተሩ ሠራተኛ ነው። እሱ የእኛን ጥላ ሲጠብቅ፣ እኛ የሱን ስንጠብቅ አለፈች። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይሉሻል ይኼ ነው። ከዚያ አዛዡ ቆቡን ሲወረውር "ምናልባት እውነት ጠፍቶ ይሆናል፤ እህቴ እኮ ናት የሠራችው" ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ደስታዬ ውሸት አልነበረም።

አሁን የምለምንሽን ስሚኝ። አትፈርሚ። ግን ምክንያቱን ሌላ አድርጊው። ልባሱ አበጠ በይ፣ ባትሪው ደከመ በይ። ጡረታዬ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቀርቶታል። ጆሯችንን ካስመረመሩ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ጓዶቼ በሙሉ ከሞተር ይነሣሉ። ሌላ የምናውቀው ሥራ የለም። አብረን አርጅተናል፣ የአንዱን ገመና ሌላው ሸፍኖ። እኔን ተይኝ፤ እነሱን እኔ አጋለጥኳቸው እንዳይባል።

አንቺን ለምኜ አላውቅም። ዛሬ ለመንኩሽ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 16

ወንድም ጋሼ፣

እንዳልከው ጻፍኩት። "ልባሱ ስላበጠ ማጽደቂያው ይዘግይ" ብዬ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ጥሩ አድርጌ ነው የዋሸሁት፤ አቶ ቶሎ ቢያነብበው ያምነው ነበር። ከዚያ ቁጭ ብዬ ቀጥሎ የሚሆነውን አሰብኩ። ልባሱ ይፋቃል፣ ይቀባል። እንደገና ትመጣለች። እንደገና የምትቆሙት እናንተ ናችሁ። መጋዘን ካለ ትወድቃለች፣ መጋዘን ጉንፋን ከያዘው ታልፋለች። የዚያች ሴትዮ ነፍስ በመጋዘን ጤና ላይ ተንጠልጥሎ ልተወው?

ቀደድኩት።

በምትኩ ሦስት መስመር ጻፍኩ። የአሥራ ሁለተኛው ፈተና ውጤት ከማይክሮፎኑ ጋር ስለማይስማማ ይሰረዝ። አድማጮቹ በሙሉ ከቦታው ውጪ በሚመጣ ሐኪም ጆሯቸው ይመርመር። ፈተናው ጆሯቸው ጤነኛ በሆኑ ሰዎች ይደገም። ስምህን አልጻፍኩም፤ ስለ ጥላውም አልጻፍኩም። ግን አሥራ ሁለት ብቻ ናችሁና መደበቂያ እንዳልተውኩልህ አውቃለሁ። ትናንት ገቢ ሆኗል። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ሐኪሙ ሳይቀድመው አይቀርም።

ስለ ጆሮህ አይደለም የተናደድኩት። የኔ የመጀመሪያ ደመወዝ እስኪመጣ ድረስ ያስተማረኝ ያ ሞተር ነው፤ ጆሮህን የበላው እኔን ሲያሳድግ ነው፣ ይኼን አላውቅም መሰለህ? የተናደድኩት ሌላ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ "ወንድሜ ጠልቶኛል፣ ድምፄን መስማት አይፈልግም" እያልኩ ስብሰለሰል ስልክ ክልክል ነው እያልክ አየኸኝ። ለሾፌር ያልደበቅኸውን ለኔ ደበቅኸው።

ይቅርታ አልጠይቅህም። አንተም በዚህ ደብዳቤ ይቅር እንድትለኝ አልጠብቅም። ተናደህም ቢሆን ግን ጻፍልኝ።

እህትህ


ጥር 21

ለድምቢጥ፣

አምስት ሐሙስ ባዶ ከረጢት እንደላክሁብሽ አውቃለሁ። ሾፌሩን "ታሟል ወይ?" እያልሽ እንዳስጨነቅሽው ነግሮኛል። አልታመምኩም። ተቆጥቼ ነበር፤ አልተቆጣሁም ብልሽ እዋሻለሁ። ሁለት ጊዜ መልስ ጽፌ ሁለቱንም ጊዜ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት፤ አንብበሽው ቢሆን ዛሬ እህትና ወንድም አንሆንም ነበር።

በገና ሰሞን የጻፍሽልኝን ዛሬ ልመልስ። አቶ ቶሎ "አንድ ዓመት ወደ ኋላ መለስሽን" ብሎ ከፕሮፔለር ክፍል አንሥቶ የድሮ ንድፎች መዝገብ ቤት እንዳስቀመጠሽ ስሰማ እጅግ አዘንኩ። አቧራው እንደማይስማማሽ አውቃለሁ። ሦስቱ ወታደሮች ግን አለመሄዳቸውን ጽፈሻል። በዚህ ደስ ብሎኛል፤ ከልቤ ነው።

ሐኪሙ ከመድረሱ ሁለት ቀን በፊት አዛዡ ቢሮ ገብቼ ስለ ጥላው ነገርኩት። አንቺ እንዳልጻፍሽው አውቄያለሁ፤ አንቺ ካልጻፍሽው የምጽፈው እኔ ነኝ ብዬ ነው። ወረቀት አውጥቶ "እዚህ ላይ ጻፈው" አለኝ፤ መናገር ሰልችቶት ይሁን አዝኖልኝ አላውቅም። ከአሥራ ሁለታችን አሥራ አንዳችን ከሞተር ተነሣን። ጓዶቼ ምሳ ስቀርብ ትሪያቸውን ይዘው ይነሣሉ። መጋዘን ብቻ አብሮኝ ይበላል፤ እሱም ስለ ልጁ ብቻ ነው የሚያወራው። እኔን ጎማ ክፍል አስገብተውኛል። ጎማ ሲነፋ በእጅ ይታወቃል፣ ጆሮ አይፈልግም።

ፈተናው ትናንት ተደገመ። ወረቀቱ ከዚህ ጋር ይደርስሻል፤ ወድቃለች። ወረቀቱ ላይ የሌለውን ልጽፍልሽ ነው ዛሬ ብዕር ያነሣሁት።

አሥራ ሁለት አዳዲስ ምልምሎች መጡ፤ ሐኪሙ አንድ በአንድ የመረመራቸው ናቸው። አዛዡን "ከጫፍ አሥራ ሦስተኛ ሆኜ ልቁም፤ አይቆጠርልኝ፤ ለራሴ ነው" አልኩት። ፈቀደልኝ። ሰማዩ ደመና ስለነበር ጥላ የሚባል ነገር አልነበረም። ጀርባችንን ሰጠን። በዚህ ሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን ከምሬ ጨፈንኩ። ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ። ምናልባት ሐኪሙ እንዳለው አይሆንም፣ ምናልባት ትንሽ ቀርቶኝ ይሆናል እያልኩ ጭንቅላቴን ዘንበል አድርጌ በቀኙም በግራውም ሞከርኩ። ነፋሱ ፊቴን ሲነካኝ ይታወቀኛል። ሌላ ምንም አልነበረም። ገና አልተነሣችም ማለት ነው አልኩ። ወይ ሞተሯ እምቢ ብሏል፣ ወይ አንዱ ሽቦ ተነቅሏል፣ እንደ ልማዷ ናት ብዬ ቆየሁ።

መቆሙ ሲረዝምብኝ ዓይኔን ገለጥኩ። አሥራ ሁለቱም እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተዋል። ከመቼ ጀምሮ እንዳነሡት አላውቅም። አንደኛው ክንዱ ዝሎ በሌላው እጁ ደግፎታል። ወዲያው ከወዲያኛው ጫፍ ጀምረው አንድ በአንድ ማውረድ ጀመሩ፤ አልፋ ሄዳ ነበር።

እኔ ገና እንድትመጣ እየጠበቅኋት ነበር።

ወንድምሽ